የአቃቂ ዳር ቆስጣ፣ ከባድ ብረቶችና የጡት ካንሰር፦ የምታውቁ እስቲ መልሱልኝ

የላፍቶ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ባለፈው ክረምት የጡት ካንሰር ተገኘባት። አሁን ኬሞ ላይ ናት፣ ተመስገን እየጠነከረች ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፣ መጠጥ በበዓል ጠላ ካልሆነ አትቀምስም፣ ከዘመድ አዝማድም በጡት ካንሰር የታመመ አናውቅም። ቤት ውስጥ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከየት መጣባት?

አያቴ አቃቂ ወንዝ ዳር መደብ ነበረው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን ያመርት ነበር፣ እናቴም ያደገችው እሱን እየበላችና እየሸጠች ነው። የውሃውን ነገር ታውቁታላችሁ። ልጅ ሆኜ ስንሄድ አንዳንዴ ጥቁር ሆኖ አንዳንዴ አረፋ ደፍቆ ይወርድ ነበር፣ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ደግሞ አይጣል ነው። እስከ ዛሬም አትክልት የምንገዛው ከዚያው አካባቢ ከሚያመጡ ሴቶች ነው።

አሁን ጭንቅ ውስጥ የከተተን ቴሌግራም ላይ ያለ አንድ ሰው ነው። «የጡት ካንሰር ዋናው መንስኤ ሄቪ ሜታል ነው» ይላል፣ ከባድ ብረቶች ማለቱ ነው። የፀጉር ናሙና ተቀብሎ እመረምራለሁ ይልና ብረቱን ከሰውነት አጥቦ ያወጣል የሚለውን ዱቄት ይሸጣል። ታናሽ እህቴ አምናዋለች፣ ለእናቴም ለራሷም ልትገዛ ብር አዘጋጅታለች። እኔ ሰውየውን አላመንኩትም። ግን ስለ ወንዙ የሚለው ሁሉ ውሸት ነው ብዬ እህቴን ለመከራከርም አልቻልኩም።

ስለዚህ በናታችሁ፣ እውነት ካድሚየም፣ እርሳስ ምናምን የሚባሉት ብረቶች የጡት ካንሰር ያመጣሉ? ቆስጣውን እንተው? እኔና እህቴስ ደም መመርመር አለብን?

ሲስተር (የካንሰር ክፍል ነርስ)፦

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሌላው ሌላው ይቆይና መጀመሪያ ዱቄቱን እንነጋገር። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ነገር መጠጣት የለባትም። ኩላሊቷና ጉበቷ በመድኃኒቱ ሥራ ላይ ናቸው፣ ደሟ እየወረደ እየወጣ ነው፣ ሐኪሟ መጠኑን የሚያስተካክለው በዚያ ላይ ተመስርቶ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ተደብቆ ከተጨመረ እሱ የሚያየው ውጤት ትርጉም ያጣል። እህትሽ ቀድማ ገዝታ ከሆነ ዱቄቱን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ለሐኪሟ አሳዩት፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ብረት ከሰውነት የሚያወጣ እውነተኛ ሕክምና አለ፣ ኬሌሽን ይባላል። ግን የሚሰጠው በምርመራ ለተረጋገጠ ከባድ መመረዝ ነው፣ በሐኪም ክትትል። ካንሰርን ለመከላከልም ለማከምም የሚሰጥ አይደለም። አደጋውም የዋዛ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ሦስት ሰዎች፣ ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ ኬሌሽን ሲሰጣቸው የደማቸው ካልሲየም በድንገት ወርዶ ልባቸው ቆሞ ሞተዋል። ይህ እንግዲህ በጤና ተቋም ውስጥ የተደረገ ነው። ቤት ውስጥ በማንኪያ የሚለካው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?

«ከየት መጣባት» ለሚለው ደግሞ በየቀኑ ክፍላችን ውስጥ የምሰማው ጥያቄ ስለሆነ ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በጡት ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆንና ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከመሆኑ ውጪ ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝባቸውም። እናትሽ ምንም አላጠፋችም፣ አያትሽም ምንም አላጠፉም። ይህን በደንብ ንገሪያት፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች «ምን በልቼ ነው» እያሉ ራሳቸውን ሲበሉ አያለሁ።

የላብ ሰው፦

ሲስተር ዋናውን ብላዋለች። እኔ ኬሚስት ነኝ፣ ውሃና አፈር ነው የምመረምረው፣ ስለ ብረቶቹ ትንሽ ልጨምር። ረዘም ቢልብሽ አትቀየሚኝ፣ እህትሽን ለማሳመን ያስፈልግሻል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ «መርዝ ነው» እና «የጡት ካንሰር ያመጣል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰውየው የሚጫወተው እዚህ ጋ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካድሚየምን፣ አርሰኒክን፣ ክሮሚየም ስድስት የሚባለውን የክሮሚየም ዓይነትና የኒኬል ውህዶችን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ይህ ሐቅ ነው። ግን ካድሚየም እዚያ የገባው በዋናነት በሳንባ ካንሰር ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ጭሱንና አቧራውን ሲስቡ በኖሩ ሠራተኞች። አርሰኒክ በሳንባ፣ በፊኛና በቆዳ ካንሰር ነው። በጡት ካንሰር ወንጀለኛ ነው ተብሎ የተፈረደበት ብረት የለም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከምንም አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች ለሴት አይጦች ጥቂት ካድሚየም ሰጥተው ልክ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን የተሰጣቸው ይመስል የማህፀናቸው ክብደት ሲጨምር፣ የጡታቸው ህዋስ ጥቅጥቅ ሲል አዩ። ካድሚየም ኢስትሮጅን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ገብቶ ይቀመጣል ማለት ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር ደግሞ በኢስትሮጅን የሚነቃቃ ስለሆነ ነገሩ ሁሉንም አስደነገጠ። ከዚያ በ2006 አሜሪካ ዊስኮንሲን ላይ የታመሙና ያልታመሙ ሴቶችን ሽንት አወዳድረው ከፍተኛ ካድሚየም ያላቸው ላይ አደጋው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2012 ስዊድን ውስጥ ወደ 56 ሺህ የሚጠጉ የወር አበባ ያቆሙ ሴቶችን ለ12 ዓመት ተከታትለው፣ ከምግብ ብዙ ካድሚየም የሚያገኙት ላይ 21 በመቶ ያህል ጭማሪ አዩ።

እዚህ ላይ ብናቆም ቴሌግራሙ ሰውዬ ትክክል ይመስላል። እሱም የሚያቆመው እዚህ ነው። ግን በ2014 አሜሪካ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የስዊድኑን ዓይነት ጥናት ሲሠሩ ምንም ግንኙነት አላገኙም። እህቶቻቸው በጡት ካንሰር የታመሙባቸውን ወደ 51 ሺህ ሴቶች የሚከታተል ትልቅ ጥናት ደግሞ አለ፣ ላንቺ ቤተሰብ የሚቀርበው እሱ ነው። እሱ በ2019 አየሩ ውስጥ ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና እርሳስ በሚበዛባቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ያረጡ ሴቶች ላይ አደጋው ከፍ ማለቱን ዘገበ። በ2021 ግን የእነዚያኑ ሴቶች የእግር ጥፍር ቆርጠው ብረቱን ሲለኩ ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አልታየም።

ለምን እንዲህ ይጋጫል? አንደኛ፣ ሲጋራ ውስጥ ካድሚየም በጣም አለ፣ አጫሽ ሰው ከማያጨስ ሁለት እጥፍ ያህል ይሸከማል። ስለዚህ ሽንት ውስጥ የተገኘው ካድሚየም አንዳንዴ የሚናገረው ስለ ሲጋራው ነው። ሁለተኛ፣ ከታመሙ በኋላ የተለካ ብረት ከህመሙ በፊት የነበረውን ላያሳይ ይችላል፣ ሕክምናውም ይቀይረዋል። ሦስተኛ፣ «ስንት ካድሚየም በላሽ» የሚባለው ቅጽ አስሞልተው ነው፣ ያው የበቀለበትን አፈር ማንም አልለካውም። ሁለት እርሻ ላይ የበቀለ አንድ ዓይነት ቆስጣ እጅግ የተለያየ መጠን ሊኖረው ይችላል።

እና በእኔ ግምት ጥርጣሬው በቂ ምክንያት ያለው ነው፣ መመርመሩም መቀጠል አለበት፣ በተለይ እንደኛ አገር ባለ ቦታ ላይ። ግን የእናትሽ ህመም ከአቃቂ መጣ ብሎ በእርግጠኝነት ሊነግርሽ የሚችል ሰው የለም። የሚነግርሽ ካለ የሚሸጥልሽ ነገር አለው።

ባትሪ ቤት፦

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ለብዙ ዓመት አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታን እርሳሱን በምናቀልጥበት ቤት ሠርቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም። ጓንት አልነበረንም፣ ጭንብል አልነበረንም። ምሳችንን እዚያው ባትሪው የሚፈታበት ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንበላው። ማታ ቱታዬን ለብሼ ነው ወደ ቤት የምመለሰው፣ ሚስቴ ሳፋ ውስጥ ከልጆቹ ልብስ ጋር ታጥበዋለች፣ ውሃው ግራጫ ሆኖ ሳፋው ሥር እንደ ዱቄት የሚዘቅጥ ነገር ይቀራል። ያ እርሳስ ነው። ይህን የነገረን ቀጣሪ አልነበረም።

ልጄ ሆዱን ቁርጠት እያለው፣ ምግብ እየጠላ፣ ትምህርት ቤትም ቀልቡን መሰብሰብ አልቻል ሲል ነው አንድ ሐኪም ምን እንደምሠራ የጠየቀኝ። ሥራውን ትቼዋለሁ። የምለው ምንድነው፣ ጡት ካንሰር ያመጣል አያመጣም እየተባለ ሲከራከሩ የእርሳስ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጆች ላይ የሚያደርገው ተጠንቶ ያለቀ ነው። ባላችሁ ወይ ወንድማችሁ ባትሪ፣ ጋራዥ፣ ብየዳ ወይ ቀለም ቤት የሚሠራ ከሆነ ቱታውን እዚያው ይተው፣ ካልሆነም ለብቻው ይታጠብ፣ ጫማውም ደጅ ይውለቅ።

የላብ ሰው፦

@ባትሪ ቤት ወንድሜ፣ ስለጻፍከው አመሰግናለሁ። ከዚህ ገጽ ሁሉ የሚጠቅመው ያንተ ነው። ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምርበት። እርሳስ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ግን አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝ፣ ስታጠባ፣ ኋላም ስታርጥ አጥንቷ ሲሳሳ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ሚስትህ ካልተመረመረች ትመርመር፣ በተለይ ልጅ የምታስቡ ከሆነ።

ሜሪላንድ ነኝ፦

ሰላም ሀበሾች። እዚህ አሜሪካም ቢሆን ያው ወሬ በኛ ሰው መሃል ይዞራል፣ ፀጉር እየተላከ በብዙ መቶ ዶላር ይመረመራል። ፀጉር ላይ ከውጭ የሚለጠፍ አቧራ፣ ሻምፑ፣ ቀለምና ሂና ውጤቱን ያዛባዋል፣ ሐኪሜም በሱ ብቻ ተመርኩዤ ምንም አልወስንም ነው ያለችኝ። ለእርሳስ የሚታመነው የደም ምርመራ ነው፣ ለካድሚየም ደግሞ የዕድሜ ልክ ክምችቱን የሚያሳየው ሽንት ነው።

እኔ የምፈራው ግን እኛው ከአገር ቤት የምናስመጣውን ነው። ኩል። ባህላዊው ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ ያለበት ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፣ እዚህ አገር ሽያጩ የተከለከለ ነው። ለሕፃን ዓይን የምትኳሉ እናቶች እባካችሁ ተዉት። ሌላው ከቁርጥራጭ አልሙኒየም ቀልጦ የሚሠራ ድስት ነው። ካሜሩን ውስጥ እንደዚህ የተሠሩ ድስቶች ሲመረመሩ እርሳስ ወደ ምግቡ ሲለቁ ተገኝተዋል፣ በኋላ ከሌሎች አገሮች የመጡትም ሲታዩ እንዲሁ። ቲማቲም የበዛበት ወጥና ሎሚ ደግሞ ኮምጣጣ ስለሆነ የበለጠ ያስለቅቀዋል። ቆዳ የሚያቀላ ክሬምም አለ፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት ብዙ ነው፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ዲዮዶራንት ውስጥ ያለው አልሙኒየም የጡት ካንሰር ያመጣል የሚባለውን ግን ርሱት። እ.ኤ.አ. በ2002 ታመው የነበሩ 813 ሴቶችን ካልታመሙ ጋር አወዳድረው ምንም ልዩነት አላገኙም።

የላፍቶ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አልቅሼ ነው ያነበብኩት፣ በተለይ የሲስተርን «ምንም አላጠፋችም» የሚለውን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እህቴ ዱቄቱን አልገዛችም፣ የላብ ሰው የጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብባ «እሺ፣ ቆስጣውስ?» ነው ያለችው። እኔም እሱኑ ልጠይቅ። እንብላ ወይስ እንተው? ቢታጠብና ቢቀቀል አይወጣም?

የላብ ሰው፦

ሰውየው አንድ እውነት ይዟል፣ የወንዙን። ከሃያ ዓመት በላይ የኛው አገር ተመራማሪዎች አቃቂ ዳር የሚመረተውን አትክልት እየለኩ ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም በብዙ ናሙና ላይ ከሚፈቀደው በላይ እንደሆነ ጽፈዋል። ክሮሚየሙ ከቆዳ ፋብሪካ ነው። ሌላው ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከቀለም፣ ከጋራዥ፣ ከተጣለ ባትሪ ይመጣል፣ ያው ትንሹም ትልቁም አቃቂ ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ እስኪገቡ የሚያገኙትን ሁሉ ይዘው ነው የሚወርዱት።

መታጠብ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉ ላይ የተቀመጠውን አቧራና ጭቃ ያወርዳል፣ እርሳስ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ጀርሙም ይቀንሳል፣ የአቃቂ ሰላጣ ጥሬውን ሲበላ ደግሞ የመጀመሪያው ችግር ጀርሙ ነው። ካድሚየም ግን በሥሩ ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ ቢታጠብም ቢቀቀልም ብዙው አይወጣም። ቅጠላ ቅጠል፣ በተለይ ቆስጣና ሰላጣ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ይልቅ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ከአቃቂ ዳር የሚመጣውን ቅጠል ከቻላችሁ ለውጡ፣ በጉድጓድ ውሃ ወይ በዝናብ ከሚያመርት ግዙ፣ ሻጮቹን ከየት እንደሆነ ጠይቁ። አትክልት መብላትን ግን አትተዉ፣ እሱ ሌላ ኪሳራ ነው። ድሮ የበላችሁትን እያሰባችሁም እንቅልፍ አትጡ። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል፣ በዱቄት ታጥቦ የሚወጣ ነገር አይደለም፣ ከዚህ በኋላ የሚገባውን መቀነስ ነው ያለው።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ ማንም ብዙ የማያነሳው። የደም ማነስ። ሰውነት ውስጥ ብረት፣ ማለቴ ለደም የሚያስፈልገው አይረን፣ ሲያንስ አንጀት ያገኘውን ሁሉ ለመሳብ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ካድሚየምም በዚያው በር ይገባል። ስለዚህ የወር አበባ የሚበዛባት፣ ተከታትላ የወለደች ሴት ከዚያው ሳህን ከባሏ የበለጠ ካድሚየም ወደ ደሟ ታስገባለች። ጃፓን ቶያማ ውስጥ የጂንዙ ወንዝን ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ በወጣ ካድሚየም በክለውት በዚያ ውሃ የበቀለ ሩዝ ሲበላ አጥንታቸው እየተሰባበረ የተሰቃዩት በብዛት ብዙ የወለዱና ያረጡ ሴቶች ነበሩ። መንግሥት የብክለት በሽታ ነው ብሎ ያመነው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ከአሥርት ዓመታት ስቃይ በኋላ! አቃቂን ሳስብ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ቆስጣ የሚያመርተው ገበሬ ፋብሪካውን አላቋቋመም፣ የሚበላው ሰውም ፍሳሹን አልለቀቀም። ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ መልቀቃቸው መቆም አለበት፣ እሱ ደግሞ በጓዳ ጥንቃቄ የሚፈታ አይደለም።

ሲስተር (የካንሰር ክፍል ነርስ)፦

ስለ ደም ማነስ የተባለውን እደግፋለሁ፣ ሁለታችሁም ሄሞግሎቢናችሁን ተለኩ፣ ርካሽ ምርመራ ነው። የካድሚየሙን ምርመራ ግን ካንሰር ይኖረኝ ይሆን ብላችሁ አትሠሩት፣ የጡት ካንሰርን በተመለከተ ውጤቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ገንዘቡን ለሌላ አውሉት።

ምክንያቱም የእናንተ ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። እናቷ በጡት ካንሰር የተያዘች ሴት አደጋዋ ከሌላው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምለው። እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ እብጠቱን ካወቁት ወራት አልፏቸዋል፣ አንዳንዶቹ ጠበል፣ አንዳንዶቹ ቅጠል፣ አሁን አሁን ደግሞ ዲቶክስ፣ ሰውነት ያጥባል የሚባለውን፣ ሲሞክሩ ቆይተው ነው። ቀድሞ የተገኘ የጡት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚድን ነው። ሁለታችሁም የጡታችሁን ነገር ለይታችሁ እወቁት፣ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጎርበጥ ወይ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከአንዱ ጫፍ ደም ያለው ፈሳሽ፣ ብብት ሥር እብጠት ካያችሁ ሳምንት ሳትቆዩ ሂዱ። ባያምም ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ አያምም።

የላፍቶ ልጅ፦

ሲስተርዬ፣ እህቴ እዚህ አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። ከግራ ጡቷ ጎን የምትዳስሰው ትንሽ ነገር እንዳለ አሁን ነው የነገረችኝ። ሰላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ለዚያ ነው ለካ ዱቄቱን ለራሷም የፈለገችው። ማሞግራም፣ የጡት ራጅ የሚባለውን፣ ነው የምታነሳው?

ሲስተር (የካንሰር ክፍል ነርስ)፦

ንገሪያት፣ በዚህ ዕድሜ የሚዳሰስ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ግን በግምት አይታለፍም። በሰላሳዎቹ መጀመሪያ የጡት ህዋስ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ብዙ አያሳይም፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በአልትራሳውንድ ነው። በእጅ የሚመረምራት ሐኪም ይያት፣ ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። የምርመራውን ውጤት ሳትይዙ «ምንም አይደለም» ቢሏችሁ አትመለሱ፣ የእናቷን ታሪክ ገና ስትገቡ ተናገሩ። የእናትሽ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያላችሁ መቼ ነው? እሷንም ይዘሻት ሂጂ።

የላፍቶ ልጅ፦

ሐሙስ ነው። አብረን እንሄዳለን።